ለጎልፍ መነጽር ወይስ ኮንታክት ሌንስ? ምርጫው ከእግርዎ ሥር ይጀምራል

ጎልፍ የሚጫወት ሰው መነጽርና ኮንታክት ሌንስ ሲያማርጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ሩቁን ነው። የመታት ኳስ አየር ላይ ስትሄድም ስታርፍም ማየት ይፈልጋል። ፍላጎቱ ተገቢ ነው፤ ምርጫው መጀመር ያለበት ግን ከእግሩ ሥር ነው። ሩቅ የወደቀችውን ኳስ ካዲው ወይም አብሮት የሚጫወተው ሰው ይጠቁመዋል። እግሩ ሥር ያለችውን ኳስና የዱላውን ፊት ግን ማንም አያይለትም። ፓር 72 በሆነ ሜዳ ለእያንዳንዱ ግሪን ሁለት ፑት ስለሚታሰብ፣ ከ72ቱ ምት 36ቱ ዓይን ቁልቁልና ወደ ጎን እያየ የሚመታ ነው። መነጽርም ሆነ ኮንታክት ሌንስ ጉድለታቸው የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

በሁለቱም ዋንጫ ተበልቷል። ሄል ኧርዊን በ1974 እ.ኤ.አ. ዩኤስ ኦፕንን ያሸነፈው መነጽር አድርጎ ነው፤ ቶም ካይትም በ1992 እንዲሁ። ታይገር ዉድስ በ1997 ማስተርስን በ12 ምት ልዩነት ሲወስድ ኮንታክት ሌንስ ተጠቃሚ ነበር፤ ዓይኑን በሌዘር የታከመው በ1999 ነው። ስለዚህ መልሱን የሚሰጡት የእርስዎ ዓይን፣ ዕድሜዎና የሚጫወቱበት ሜዳ ናቸው።

መጀመሪያ፦ ርቀቱን ለክተው ወደ ምርመራ ይሂዱ

ፑት ሊመቱ እንደሚቆሙት ጎንበስ ብለው ይቁሙ። ሌላ ሰው ከዓይንዎ እስከ ኳሷ ያለውን በሜትር ይለካልዎ። የብዙ ሰው ልክ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አይርቅም። ቁጥሩን ጽፈው ይያዙና ዓይንዎን ለሚመረምረው ኦፕቶሜትሪስት ይንገሩት። ካልነገሩት የሚለካልዎ ሩቁንና የንባቡን ርቀት ነው፤ ንባብ 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የጎልፍ ኳስ ግን በሁለቱም ርቀት ላይ የለችም።

በዚያው ቀጠሮ ኮንታክት ሌንስ ለብቻው እንዲለካልዎ ይጠይቁ። በመነጽር ማዘዣ ኮንታክት ሌንስ አይገዛም። መነጽር ከዓይን 12 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚቀመጥ፣ ሌንሱ ዓይን ላይ ሲያርፍ ቁጥሩ ይለወጣል። በመነጽር ማይነስ 6 የሆነ ሰው በኮንታክት ሌንስ የሚያስፈልገው ማይነስ 5.50 ገደማ ነው። ቁጥሩ ከ4 በታች ለሆነ ሰው ልዩነቱ ያን ያህል አያሳስብም። የሌንሱ ጉብጠትና ስፋትም ከዓይን ጋር መግጠም አለበት፤ ይህን በመሣሪያ አይቶ የሚወስነው ባለሙያ ነው።

ሁለተኛ፦ ፕሮግረሲቭ መነጽርዎን ለቢሮ ይተዉት

ከ40 ዓመት በኋላ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ የቅርብ ጽሑፍ ማንበብ ያስቸግራል። ለዚህ ብዙ ሰው ፕሮግረሲቭ ያሠራል፤ የላይኛው ክፍል ለሩቅ፣ የታችኛው ለንባብ። ለሥራም ለመንዳትም የሚመች ነገር ነው። ለጎልፍ ግን አይሆንም፤ በዚህ ላይ አላመነታም። ኳሷን ለማየት ዓይን ወደ ታች ሲወርድ የሚያገኘው ለ40 ሳንቲ ሜትር የተሠራውን ክፍል ነው። ኳሷ ትደበዝዛለች፣ የሣሩ ወለል ከፍ ዝቅ የሚል ይመስላል። ተጫዋቹ ከዚህ ለማምለጥ አገጩን ደረቱ ላይ ይቀብርና በላይኛው ክፍል ለማየት ይሞክራል። አገጭ ሲቀበር ደግሞ ትከሻ የሚያልፍበት ቦታ ያጣል፣ ስዊንጉም ይታፈናል። ስዊንጉን ለማስተካከል ወራት የሚለፋ፣ ለአሠልጣኝ የሚከፍል ሰው፣ የችግሩ ምንጭ አፍንጫው ላይ ያለው መነጽር ሊሆን እንደሚችል ማንም አይነግረውም። ያሳዝናል፤ መፍትሔው ቀላል ነውና።

መፍትሔው ለሩቅ ብቻ የተሠራ ባለ አንድ ኃይል መነጽር ወይም ኮንታክት ሌንስ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ላይ ያለን ነገር አጥርቶ ለማየት ዓይን የሚጠየቀው ተጨማሪ ኃይል ከአንድ ዳዮፕተር (የሌንስ ቁጥር የሚለካበት አሃድ) በታች ነው። በቀን ብርሃን ብሌን ስለሚጠብና ይህም ጥራትን ስለሚጨምር፣ በዕድሜ የገፉ ብዙ ሰዎችም ያለ ችግር ያዩበታል። የማይበቃዎ ከሆነ ቀደም ብለው የለኩት ርቀት ለኦፕቶሜትሪስቱ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ የሩቁን ቁጥር ጥቂት አስተካክሎ ሊያሠራልዎ ይችላል። የሚቀረው የውጤት ካርዱን ማንበብ ነው። ለእሱ ትንሽ የንባብ መነጽር ቦርሳ ውስጥ ያድርጉ። ሌላም አማራጭ አለ፦ ለጎልፍ ተብሎ የሚሠራ ባይፎካል፣ የንባቡ ክፍል በአንዱ ሌንስ የታችኛው የውጭ ጥግ ላይ ብቻ በትንሹ የሚቀመጥበት። በቀኝ የሚመታ ሰው ቀዳዳው በግራው ስለሆነ ክፍሉን በቀኝ ሌንስ ቀኝ ጥግ ያሠራል፤ ያኔ ኳሷንም ቀዳዳውንም አይሸፍንበትም።

ኮንታክት ሌንስ ለሚያደርጉ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዱን ዓይን ለሩቅ፣ ሌላውን ለቅርብ አድርጎ የማዘዝ ዘዴ አለ። ለገበያና ለንባብ ይመች ይሆናል፤ ነገር ግን የጥልቀት ዕይታ የሚገኘው ሁለቱ ዓይኖች እኩል ሲያዩ ነው። የግሪኑን ተዳፋት የሚያነብ ሰው ይህን መሥዋዕት ማድረግ የለበትም። ለሜዳ ሁለቱንም ዓይን ለሩቅ የሚያደርግ ሌላ ጥንድ ይዘዙ።

ሦስተኛ፦ ወደ ጎን ሲያዩ የሚሆነውን ያስሉ

ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምመዝነው ነገር ነው። የመነጽር ሌንስ በመካከሉ ሲያዩበት ነገሮችን ባሉበት ያሳያል። ከመካከሉ ሲርቁ ግን ምስሉን ይገፋዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የሌንሱን ቁጥር ከመካከሉ በራቁበት ሳንቲ ሜትር ያባዙ፤ የሚገኘው ምስሉ በእያንዳንዱ ሜትር ርቀት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚገፋ ይነግርዎታል። ማይነስ 5 የሚያደርግ ሰው ከመካከሉ አንድ ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ቢያይ፣ አንድ ሜትር ላይ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ሦስት ሜትር ላይ ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የጎልፍ ቀዳዳ ስፋቱ 10.8 ሳንቲ ሜትር ነው።

እርግጥ አእምሮ ለለመደው መነጽር ያስተካክላል፤ ኳሷና የዱላው ፊትም በሌንሱ በአንድ ቦታ ስለሚታዩ አብረው ይገፋሉ፣ ኳሷን አይስቱም። ችግሩ ኳሷን በታችኛው፣ ቀዳዳውን በጎን ጠርዝ ሲያዩ ነው፤ ሁለቱ በተለያየ መጠንና አቅጣጫ ይገፋሉና መስመሩ ይዛባል። ቁጥሩ ማይነስ 1 ወይም 1.50 የሆነ ሰው ይህ ምንም አይነካውም። ከ4 በላይ የሆነ ግን ይነካዋል። ኮንታክት ሌንስ ከዓይን ጋር አብሮ ስለሚዞር ሁልጊዜ በመካከሉ ነው የሚያዩት፤ ችግሩ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቁጥርዎ ከ2 በታች ከሆነ መነጽርዎን ይዘው በሰላም ይጫወቱ፤ ከ4 በላይ ከሆነና ዓይንዎ የሚቀበለው ከሆነ ግን ኮንታክት ሌንስ ላይ ያዘንብሉ። በመካከሉ ያሉ ሰዎች በሌሎቹ ነጥቦች ይወስኑ።

መነጽር መተው የማይፈልጉ ከሆነ ሁለት ነገር ያግዛል። ፍሬሙ ለዓይን ቅርብ ሆኖ የሚቀመጥ፣ ከአፍንጫ የማይንሸራተት ይሁን፤ ሲንሸራተት የሌንሱ መካከልም አብሮ ይወርዳል። ቀዳዳውን ሲያዩም ዓይንዎን ብቻ ወደ ጎን ከማዞር ራስዎን አሽከርክረው በመካከሉ ይመልከቱ። እንደ ብስክሌተኞች መነጽር ፊትን የሚከብ ጠማማ ፍሬም ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ላለ ሰው ጎኑን የበለጠ ስለሚያዛባ አይመከርም።

አራተኛ፦ የሜዳዎን አየር ያስቡ

ሰው ትኩረት ሲያደርግ ዓይኑን የሚያርገበግብበት ጊዜ ይቀንሳል፤ ፑት ላይ ያጎነበሰ ሰው ይረሳዋል። ኮንታክት ሌንስ በእንባ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ስለሆነ ይደርቃል፣ ዕይታውም ይደበዝዛል። በበጋ በአዲስ አበባ የሚጫወት ሰው ደረቅ አየር፣ ነፋስና አቧራ አብረው ይገጥሙታል። ከኮንታክት ሌንስ ጋር የሚስማማ ሰው ሠራሽ እንባ ይያዙ፤ ከመምታትዎ በፊትም ሁለት ሦስት ጊዜ ሆን ብለው ዓይንዎን ይጨፍኑና ይግለጡ። ዋሽንግተን አካባቢ ላሉ አንባቢዎች ፈተናው በጸደይ የሚበተነው የአበባ ዱቄት ነው፤ አለርጂ ያለበት ሰው በእነዚያ ሳምንታት መነጽር ቢያደርግ ይሻለዋል። ዱባይ ወይም ዶሃ ላሉት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ በሞቃታማዎቹ ወራት እርጥብ አየር ውስጥ ከቀዘቀዘ መኪና ሲወጡ መነጽር ወዲያው በጉም ይሸፈናል፣ ላብም ይወርድበታል፤ ኮንታክት ሌንስ እዚያ ያሸንፋል። ዝናብ ላይም እንዲሁ።

አስቲግማቲዝም ያለባቸው ሰዎች ኮንታክት ሌንሳቸው አቅጣጫውን ጠብቆ መቀመጥ አለበት። ራስ ሲጋደል ጥቂት ሊዞር ይችላል። ሲሞክሩት በፑት አቋም ጎንበስ ብለው፣ ወደ ቀዳዳው ዞር ብለው፣ ጥራቱ መቆየቱን ይዩ።

በየቀኑ የሚጣለውን ዓይነት እመክራለሁ። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን የሚጫወት ሰው በእሱ ከተጠቀመ ማጠቢያና ማስቀመጫ አያስፈልገውም። ሜዳ ላይ እጅ ማዳበሪያ፣ የሣር መድኃኒትና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይነካል፤ ሌንስ ከመንካትዎ በፊት በሳሙና ታጥበው ያድርቁ። ሌንሱን በቧንቧ ውኃም ሆነ በምራቅ ማራስ ክልክል ነው። በውኃ ውስጥ የሚገኘው አካንታሚባ የተባለ ጥቃቅን ተሕዋስ ሌንስ ሥር ገብቶ ኮርኒያን ለዓይነ ስውርነት ሊዳርግ በሚችል ደረጃ ይጎዳል።

አምስተኛ፦ ፀሐይንና የምትበር ኳስን አይርሱ

ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው በላዩ ላይ ቁጥር የሌለው የፀሐይ መነጽር ማድረግ ይችላል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፣ ርካሽም ነው። መነጽር የሚያደርግ ሰው ግን ባለ ቁጥር የፀሐይ መነጽር ለብቻው ማሠራት አለበት። ቀለሙን ቡናማ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ ይምረጡ። የጎልፍ ኳስ 42.67 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነች 150 ሜትር ላይ ስትደርስ ጤናማ ዓይን ለይቶ ሊያየው የሚችለው የመጨረሻው መጠን ላይ ትደርሳለች። ከዚያ ወዲያ የምትታየው እንደ ነጭ ነጥብ ነው፤ የሚረዳዎ ከሣሩና ከሰማዩ ጋር ያላት የቀለም ልዩነት ነው። ፖላራይዝድ ሌንስ የውኃን ነጸብራቅ ይቆርጣል፤ የሣሩን አንጸባራቂነት አይቶ ዝንባሌውን ለሚያነብ ሰው ግን ያን ምልክት ሊያጠፋበት ይችላል፣ ስለዚህ ግሪን ላይ ያውልቁት።

የመነጽርዎ ሌንስ ፖሊካርቦኔት የተባለው ቶሎ የማይሰበር ፕላስቲክ ይሁን። ኳሷ ጠንካራና ወደ ዓይን ጎድጓዳ የምትገባ ትንሽ ነገር ናት፤ በዓይን ላይ ያረፈች ጊዜ ጉዳቱ ከባድ ነው። ኮንታክት ሌንስ ከዚህ ምንም አይከልልም። አንድ ዓይናቸው ብቻ በደንብ የሚያይ ሰዎች፣ በኮንታክት ሌንስም ቢጫወቱ፣ ፖሊካርቦኔት መነጽር በላዩ ሳያደርጉ ሜዳ ባይገቡ እላለሁ።

በመጨረሻ፦ ከመክፈልዎ በፊት ግሪን ላይ ይሞክሩ

ብዙ የዓይን ክሊኒክ የሙከራ ሌንስ ይሰጣል። ልምምድ ግሪን ላይ ከሁለት ሜትር አሥር ኳስ በመነጽር፣ አሥር ኳስ በኮንታክት ሌንስ ይምቱ፤ ስንት እንደገባ ብቻ ሳይሆን የሳቱት በየትኛው ጎን እንደሆነ ይጻፉ። በአንዱ ስህተቱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ካደላ፣ መስመሩን እያዛባ ያለው እሱ ነው። በሌላ ቀንም ይድገሙት፤ አዲስ መነጽር ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋልና በውድድር ዋዜማ አይቀይሩ።

ኮንታክት ሌንስ ቢመርጡም የቁጥር መነጽርዎ ከቦርሳዎ አይጥፋ። አቧራ ከገባብዎ ወይም ዓይንዎ ከቆረቆረዎ ሌንሱን አውልቀው በመነጽሩ ይጨርሱ። ሕመም፣ መቅላት ወይም ብርሃን መፍራት ካልተወዎ ግን ጨዋታውን እዚያው አቁመው በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ያወለቁትን ሌንስም መልሰው አያድርጉት።