የማደጎ ልጅና የባልና የሚስት አንድ ልብ መሆን

ልደታ የሚለው ስም ራሱ የልጅን ነገር ያሳስባል፤ ግንቦት 1 ቀን ልደቷን የምናከብርላት እመቤታችን መካን ከነበሩት ከኢያቄምና ከሐና የተገኘች ናትና። ዛሬም በልደታ ኮንዶሚኒየም ከሚኖሩት ባለትዳሮች ልጅ ያልወለዱት እየመጡ፥ «አባታችን፥ የሰው ልጅ ወስደን ብናሳድግ እንደ ራሳችን ልጅ ይቆጠርልናልን?» ይሉናል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻን ልጅ እንደ አሳዳጊው ልጅ ይቆጥረዋል። ነገር ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ሁለታችሁም ፈቅዳችኋልን? ሕጉም ባለትዳሮች ጉዲፈቻን በአንድነት እንዲያደርጉ ያዝዛል፤ አንደኛው ብቻውን የሚችለው የትዳር ጓደኛውን ልጅ ሲወስድ ነው። ውሉም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም።

በ1941 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጆርጅ ስቲቨንስ ያዘጋጀው «ፔኒ ሴሬናድ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ይህንኑ ነገር ያሳያል። ባልና ሚስት ፅንስ ከጠፋባቸው በኋላ ሴት ሕፃን ወስደው ያሳድጋሉ፤ ባል ገቢው በተቋረጠ ጊዜ ልጅቱ እንዳትወሰድበት በዳኛ ፊት ይማጸናል። አባትነት በሥጋ መውለድ ብቻ እንዳልሆነ እዚህ ላይ በግልጥ ይታያል። ልጅቱ በሞተች ጊዜ ግን ሁለቱ መነጋገር ያቅታቸዋል፥ ትዳሩም ሊፈርስ ይደርሳል፤ የሚያስታርቃቸውም ሌላ ሕፃን ሊሰጣቸው መሆኑ ነው። ይህን ፍጻሜ አልወደድነውም። ሕፃን መጠለያ ፈልጎ የሚመጣ ነውና የተሰበረ ትዳር መጠገኛ ሊሆን አይገባውም። ኢያቄምና ሐና እንኳ በስእለት ያገኟትን ልጅ በ3 ዓመቷ ለቤተ መቅደስ ሰጧት እንጂ ለኀዘናቸው መጽናኛ አላስቀሯትም።

«ባሌ ባይፈቅድስ?» የምትል ብትኖር የወይዘሮ አበበች ጎበና ታሪክ ይታሰበናል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው፥ ረኀብ ከጎዳው ሕዝብ መካከል 2 ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሕፃናቱ 21 ደረሱ። ባለቤታቸውና ዘመዶቻቸው ስላልተስማሙ ቤታቸውን ትተው ከሕፃናቱ ጋር ወጡ፤ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉም ድረስ የብዙዎች እናት ሆኑ። ይህ ግን ከሞት አፍ ማውጣት ነበር፤ ሞት ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። በልደታ ፎቅ ላይ ያሉ ባልና ሚስት ጊዜ አላቸው። ያልፈቀደው ፍርሃቱን ይናገር፥ ሌላውም ይስማው፤ ወራት ቢፈጅ ይፍጅ። ጎረቤት በደረጃው ላይ «የማን ልጅ ነው?» ቢል ሕፃኑን አይጎዳውም፤ የሚጎዳው በቤት ውስጥ «አንቺ ያመጣሽው ልጅ» መባሉን የሰማ እንደ ሆነ ነው።