አንድ ሉፕ፣ ሁለት መዝገብ

የሕክምና መሣሪያዎች የሚመደቡት በሚያስከትሉት አደጋ መጠን ነው። ታዲያ አመዳደቡ በየአገሩ ይለያያል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው ሕግ ሦስት ምድቦች አሏት። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ሁለተኛውን 2ሀ እና 2ለ ብሎ ስለከፈለው ምድቦቹ አራት ናቸው።

ኮንዶምን እንውሰድ፤ በአሜሪካ ምድብ 2፣ በአውሮፓ 2ለ ነው። እስከዚህ ልዩነቱ የስም ብቻ ይመስላል።

ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ባለ መዳብ ሉፕ ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአውሮፓው ደንብ ቁጥር 2017/745 ሉፑ ሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የወሊድ መከላከያ መሣሪያ ስለሆነ ከፍተኛው ምድብ 3 ውስጥ ይገባል። አሜሪካ ግን ጭራሽ መሣሪያ አትለውም፤ መድኃኒት ነው ትላለች! በሕጓ መሠረት ዋና ሥራውን በኬሚካል የሚሠራ ዕቃ መሣሪያ አይባልም፤ እርግዝናን የሚከላከለው ደግሞ በዋናነት ከመዳቡ የሚወጣው አዮን ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ፓራጋርድ፣ በ2025 ሚውዴላ የተፈቀዱት በመድኃኒትነት ነው።

ልዩነቱ ወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም። የአሜሪካው ማመልከቻ በኤፍዲኤ የመድኃኒት ክፍል ይመረመራል፤ የአውሮፓውን ሰነድ የሚያየው መንግሥት ዕውቅና የሰጠው መርማሪ ድርጅት ነው። ስለዚህ ሰነድ ላይ «ምድብ 3» የሚል ስናነብ መጀመሪያ «በማን ሕግ?» እንበል። ምድቡ ዕቃው ላይ የተወለደ ሳይሆን ሕግ የሰጠው ስም ነውና።