ከባሕር ዳር የተገኘው ካሴት

አንድ ዘፈን በሌላ ሰው እጅ እንደገና ሲሠራ ምኑ ይለወጣል፣ ምኑስ ይቀራል? ይህን ለማስረዳት ከሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» ካሴት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ታሪኩ ባሕር ዳርንም ይነካል። አሜሪካዊው የካሴት ሰብሳቢ ብራያን ሺምኮቪትዝ ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ ካሴቱን ያገኘው እዚሁ ጣና ዳር ነው።

ኃይሉ አኮርዲዮን የጀመረው በ14 ዓመቱ ነው። በኋላ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት በነበረው በዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ሆነ። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊ ምክንያት ማታ የገባ ታዳሚ ሌሊት ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል፣ ባንዱ እስኪነጋ ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ለሥራ አሜሪካ ሄደ፤ ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፣ ኃይሉም ከነሱ አንዱ ነው። «ሸሞንሟናዬ»ን የቀረጸው በ1985 እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ፣ ያለ ባንድ፣ ብቻውን ነው።

ብቻውን እንዴት ተቻለው? በስቱዲዮ አንድ ሰው በመጀመሪያ ምቱን ይቀርጻል፤ ያንን በጆሮው እያዳመጠ ቤዙን ይጨምራል፤ ከዚያ አጃቢውን፣ በመጨረሻም ዜማውን ይደርብበታል። ኃይሉ ምቱን ለከበሮ ማሽን ሰጠ። ለሌላው ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና በዚያን ጊዜ ገና አዲስ የነበረውን የያማሃ ዲኤክስ 7 ኪቦርድ ተጠቀመ። ዜማውን ግን በልጅነቱ ለተማረው አኮርዲዮን ተወለት። የካሴቱ ልዩ ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ማሽኑ ዝንፍ ሳይል እየመታ፣ አኮርዲዮኑ ከላዩ እንደ ሰው እየተነፈሰ ይሄዳል።

ኃይሉ ከተጫወታቸው ብዙዎቹ ነባር የሕዝብ ዜማዎች ናቸው፤ ሽለላም አለበት። ይህን ሁሉ የባዕድ መሣሪያ ይዘው የኛነታቸውን ያልለቀቁበት አንዱ ምክንያት ቅኝት ነው። ኪቦርድ ያላችሁ ሞክሩት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ስትነኩ የትዝታ ሜጀር ነው። ሚ እና ላን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብታደርጓቸው ትዝታ ማይነር ይሆናል። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ካደረጋችሁት ደግሞ አንቺሆዬ ነው። ፋና ሶል ፍላት፣ ዶና ሬ ፍላት ምን ያህል ተጠጋግተው እንደሚፋጩ አዳምጡ። ከመረጣችሁት ቅኝት አምስት ድምፆች እስካልወጣችሁ ድረስ መሣሪያው ክራርም ይሁን ሲንተሳይዘር፣ ኢትዮጵያዊ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል።

የሚጠፋ ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። ማሲንቆ ተጫዋች በአንዷ የጭራ ክር ላይ ጣቱን ሲያንሸራትት በሁለት የኪቦርድ ቁልፎች መካከል ያለውን ድምፅ ሁሉ ያገኛል። አኮርዲዮን ይህን አይችልም፤ ድምፁ በፋብሪካ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ያጣውን በሌላ ይተካል፤ ከዋናው ድምፅ በፊት ጎረቤቱን ቶሎ ነካ አድርጎ ያልፋል፣ የነፋሱን ግፊት እየቀነሰና እየጨመረ ያለቃቅሳል። ባሕር ዳር ውስጥ አዝማሪ ቤት ገብታችሁ «ተቀበል!» ብላችሁ ግጥም ከሰጣችሁ በኋላ ኃይሉን ብትሰሙት ልዩነቱ ጥርት ብሎ ይታያችኋል። አዝማሪውም ቢሆን ዜማውን ይዞ ቃሉን በየምሽቱ የሚለውጥ ነው። ዘፈንን እንደገና መሥራት ከፈረንጅ የመጣ ልማድ አይደለም።

በአውሮፓም የከበሮ ማሽንና ሲንተሳይዘር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዩሮዳንስ የሚባለውን የጭፈራ ሙዚቃ ወለዱ። ከጣሊያን የወጣውን የኮሮናን «ዘ ሪትም ኦፍ ዘ ናይት» ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1993 ወጣ፤ በ2013 ባስቲል የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ከሌላ ዘፈን ጋር ቀላቅሎ አዘገመው፤ በ2019 ብላክ አይድ ፒስ ከጄ ባልቪን ጋር ሌላ ዘፈን ሠሩበት። የሚያሳዝነኝ ግን የመጀመሪያው ቅጂ ታሪክ ነው። በድምፅ የዘፈነችው ጄኒ ቢ የምትባል ጣሊያናዊት ስትሆን፣ በቪዲዮው ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የታየችው ሌላ ሴት ናት። ዘፈኑ ዓለምን ሲዞር ድምፁ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጥቂት ነበር።

የኃይሉ ካሴት ከዚህ ዕጣ የዳነው ስሙ ሽፋኑ ላይ ስለነበረ ነው። ሺምኮቪትዝ በዚያ ስም አፈላልጎ ስልክ ደወለለት። ኃይሉ ያን ጊዜ በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ መኪናው ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 «ሸሞንሟናዬ» በሺምኮቪትዝ አሳታሚ ድርጅት እንደገና ታተመ፣ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። «ላላ በሉ» ላይ ትዝታንም አንቺሆዬንም በድጋሚ ተጫውቷቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የሕዝብ ዜማ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ማንም አንስቶ ሊጫወተው ይችላል። ቅጂው ግን ባለቤት አለው። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም ለድምፅ ቅጂው አዘጋጅም የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። የተጫዋቹ ስም ካልታወቀ ግን ይህን መብት ማን ይጠይቀዋል?

ስለዚህ በባሕር ዳርም ሆነ በጎንደር፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በቻግኒ አሮጌ ካሴት ቤታችሁ ያለ ሁሉ እባካችሁ አትጣሉት። ከፀሐይ፣ ከሐይቁ እርጥበትና ከድምፅ ማጉያ ማግኔት አርቃችሁ አቁማችሁ አስቀምጡት። በላይኛው ጠርዝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ መሰበራቸው በስህተት ሌላ ነገር እንዳይቀረጽበት ይከላከላል። ወደ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ስታስተላልፉትም የዘፋኙን፣ የአጃቢውንና የአሳታሚውን ስም ከፋይሉ ጋር ጻፉት።