የአጥቢያ ሞተር ሳይክል የፊት መብራት አገጣጠም

ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚወስደው የደብረ ዘይት መንገድ ሌሊት የተጓዘ ሰው ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጭነት ይዘው የሚመላለሱትን ከባድ ተሽከርካሪዎች ያውቃቸዋል። ከአስፋልቱ ወጣ ሲባል ደግሞ በክረምት የሚያጣብቅ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር ይጠብቃል። ታማሚ ለማጽናናት በውድቅት ሌሊት የተጠሩ ካህን በደካማ መብራት ሲጓዙ ጉድጓዱን የሚያዩት ከገቡበት በኋላ ነው። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ብርቱ መብራት መግዛቱ ተገቢ ነው፤ ችግሩ የሚጀምረው አዲሱ መብራት በአሮጌው ቀጭን ሽቦ ላይ ሲቀጠል ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ዋቱ ለቮልቱ ሲካፈል አምፔሩ ይገኛል። 55 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 4.6 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 100 ዋት የሆነው ግን ከ8 አምፔር ይበልጣል። ቀጭኑ ሽቦና የመሪው ማብሪያ ይህን አይሸከሙም፤ ይግላሉ፣ ልባሳቸው ይቀልጣል፣ እሳትም ሊነሣ ይችላል። የአነስተኛ ሞተር ዲናሞም ቢሆን የሚያመነጨው ኃይል ውስን ነው። በእኛ አስተያየት 20 ዋት ገደማ የሆነ ጥሩ ኤል ኢ ዲ መብራት ለአጥቢያ ሞተር ይበቃል፤ የሚስበውም ከ2 አምፔር በታች ነው።

ከግዢው በፊት ግን አንድ ነገር ይጣራ። ለገጠር መንገድ የተሠሩ አንዳንድ ሞተሮች የፊት መብራታቸውን የሚያበሩት ከባትሪ ሳይሆን በቀጥታ ከዲናሞው በሚመጣ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ተከፍቶ መብራቱ ከበራ ኃይሉ ከባትሪ ነው። ካልበራ ባለሙያው በመለኪያ ያረጋግጥ፤ ለባትሪ ኃይል የተሠራ ኤል ኢ ዲ በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ላይ ቢገጠም ይርገበገባል፣ ሊቃጠልም ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ፤ መጨረሻ ላይ የሚታሰረውም እርሱ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚወጣው አዲስ ሽቦ በቅርብ ርቀት ላይ ፊውዝ ይኑረው፤ ለ55 ዋት 10 አምፔር ይበቃል። ፊውዙ መብራቱ ዘንድ ከተደረገ በመካከል ያለውን ሽቦ የሚጠብቀው የለም፤ ይህ ስሕተት ከሁሉ አደገኛው ነው። ከፊውዙ ሽቦው ወደ ሪሌው 30 ቁጥር ይገባል፣ ከ87 ወደ መብራቱ ይወጣል። የአሮጌው መብራት ሽቦ 86 ላይ ይታሰራል፤ 85 ከማሳ ጋር ይገናኛል። እንዲህ ሲሆን የመሪው ማብሪያ ሪሌውን ብቻ ያዝዛል፣ ከባዱን ኃይል ሪሌው ይሸከማል። አጭርና ረጅም ብርሃን ላለው መብራት ሁለት ሪሌ ያስፈልጋል። የአሮጌው ሽቦ ኃይል ተለዋዋጭ ከሆነ ግን ሪሌው ይንቀጠቀጣልና ትእዛዙ ከባትሪ በሚመጣ ሽቦ ይሁን።

ማሳውን በተቀባ ብረት ላይ ማሰር ብዙ ጊዜ ለመብራት መደብዘዝ ምክንያት ነው፤ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚደርስ የራሱ ሽቦ ቢሰጠው ይሻላል። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ የአቃቂን ጭቃ አይችልም። ሽቦው ከጭስ ማውጫው ይራቅ፤ መሪው እስከ ጫፍ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞርም እንዳይወጠር ይፈተሽ።

አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ በቀኝ ትነዳለች። በግራ ለሚነዱ አገሮች የተሠራ መብራት ግን አጭር ብርሃኑ ወደ ግራ ከፍ ይላል፤ ይህም ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዐይን ያፈዝዛል። ስለዚህ ገዢው በመስተዋቱ ላይ ያለውን ምልክት ይመልከት፣ ሻጩንም ይጠይቅ። ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ በደልዳላ ቦታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ግንብ 5 ሜትር ርቆ፣ ነጂው ተቀምጦበት ይቁም፤ የአጭር ብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመብራቱ ቁመት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል።

በመጨረሻ ሞተሩ ተነሥቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ነዳጅ በመጠኑ እየተሰጠ የባትሪው ቮልት ይለካ። ከ13.5 እስከ 14.5 ከሆነ ዲናሞው ችሏል፤ ከ12.5 ከወረደ ግን መብራቱ ከአቅሙ በላይ ነውና በአነስተኛ ዋት ይለወጥ።