ሳይቃጠል በቅጠል

በአንበሳሜና በፎገራ ሜዳ ከጥር እስከ ሚያዝያ ፀሐዩ ይበረታል። ሣሩ ይደርቃል። የጤፍ ጭድና የሩዝ ገለባ በየደጁ ተከምሯል። ነፋስ ከተነሣ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃለች። በ2011 ዓ.ም. በጋ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ከውጭ አገር ረዳት እስከ መምጣት ደርሷል።

የመብራት ሽቦም በነፋስ ሲጋጭ ፍንጣሪ ያረግፋል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ከመብራት መስመር የተነሣ እሳት 85 ሰው ገድሏል። ዛሬ እዚያ ነፋስ ሲበረታ መብራቱን አስቀድመው ያጠፋሉ።

እኛም ዘንድ መብራት ይጠፋል። ጨለማ ግን ቤት አያቃጥልም። የሚያቃጥለው በጨለማ የምንለኩሰው ኩራዝ ነው። እንግዲህ ነገ ዛሬ ሳንል እንዘጋጅ።

1. የእጅ ባትሪ ወይም የፀሐይ መብራት ካለን ቦታውን ቤተሰቡ ሁሉ ይወቀው።
2. ኩራዝ ካበራን ከሣር ክዳንና ከጭድ እናርቀው። እየነደደ ላምባ አንጨምርበት። ለልጆች ትተን አንሂድ።
3. መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ከሶኬት እንንቀል። ከተረሳ፣ መብራቱ ሲመለስ እሳት ያስነሣል።
4. የመብራት ወፍጮ ስለሚቆም እህላችንን አስቀድመን እናስፈጭ። እንስራውን ውኃ እንሙላ።
5. ክምራችንን ከቤትና ከሽቦ ሥር እናርቅ።
6. የወደቀ ሽቦ አንንካ፤ ውኃም አናፍስበት። መብራት ቢጠፋም ሽቦው ሊገድል ይችላል። ሰውና ከብት እንዳይቀርበው እየጠበቅን ለቀበሌ እንንገር።

ጥያቄ
ሀ. በጨለማ ጊዜ ቤት የሚያቃጥለው ምንድን ነው?
ለ. የወደቀ ሽቦ ብናይ ምን እናደርጋለን?
ሐ. የኛ ክምር ከቤታችን ምን ያህል ይርቃል?