ለሕፃናት የተመደበ ገንዘብ

መጋቢ በእጁ ያለው ሀብት የራሱ አይደለም። ባለቤቱ ሒሳብ አምጣ ያለው ዕለት ቆሞ ይመልሳል። ይህን ከወንጌል የተማርን ሁሉ እናውቀዋለን። ነገሩ የሚከብደው ባለቤቱ ሕዝብ፣ ተጠቃሚው ደግሞ አፉን ያልፈታ ሕፃን ሲሆን ነው፤ ሕፃን ሒሳብ አይጠይቅምና። አውስትራሊያ ውስጥ የሆነውን ቀስ ብለን እንመልከተው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1972 የወጣው የሕፃናት ማቆያ ሕግ የመንግሥትን ገንዘብ ለትርፍ ላልቆሙ ማቆያዎች ይሰጥ ነበር። ከ1991 ጀምሮ ግን ልጆቻቸውን ወደ ንግድ ማቆያ የሚልኩ ወላጆችም ድጎማው ደረሳቸው። ማቆያ አጥቶ የተቸገረ ወላጅ ብዙ ነበርና ሐሳቡን አልነቅፍም። የግል ባለሀብት ፈጥኖ ሠራ፣ ቦታም ተገኘ።

በ1988 በብሪስበን የተጀመረው የማቆያ ድርጅት ኤቢሲ ለርኒንግ በ2001 አክሲዮኑን ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ በብድር ላይ ብድር እየጨመረ ሌሎችን ገዛ፤ አሜሪካና እንግሊዝ ድረስም ዘለቀ። በአገሩ ብቻ ከ1,000 በላይ ማቆያዎች ነበሩት። በመዝገቡ ላይ ሀብት ተብሎ ከተጻፈው አብዛኛው የሥራ ፈቃድ ዋጋ ነበር። የፈቃዱን ዋጋ የሚያቆመው ደግሞ በየዓመቱ የሚፈሰው የግብር ከፋዩ ድጎማ ነው። በኅዳር 2008 ድርጅቱ ወደቀ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ወደ አንድ የጨቅላዎች ክፍል ግቡ። በዛሬው የአውስትራሊያ ደንብ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ አራት ሕፃናት አንድ ተንከባካቢ ያስፈልጋል። አንዱን ጡጦ ስታጠባ ሌላው ዳይፐር ይቀየርልኝ ብሎ ያለቅሳል፣ ሦስተኛው እንቅልፉ መጥቷል፣ አራተኛው እናቱን ፍለጋ በሩ ላይ ቆሟል። ይህን ሥራ ማሽን አያፈጥነውም። ወጪው በአብዛኛው ደመወዝ ነው። ስለዚህ ለባለአክሲዮኑ በየዓመቱ ትርፉ ይጨምር ከተባለ ከሦስት አንዱ መሆኑ አይቀርም፤ የተንከባካቢዋ ደመወዝ ይቀነሳል፣ የወላጅ ክፍያ ይጨምራል፣ አለዚያም በብድር ሌላ ማቆያ ይገዛል። ኤቢሲ ሦስተኛውን አጥብቆ ያዘ።

ታዲያ የግል ገንዘብ ጨርሶ አይግባ ማለት ነው? አይደለም። ገንዘቡን ያበደረ ሰው ተመጣጣኝ ወለድ ቢያገኝ በደል የለበትም። በደሉ የሚመጣው ትርፉ የባለሀብቱ፣ ኪሳራው የሕዝብ ሲሆን ነው። ድርጅቱ ሲወድቅ መንግሥት በሮቹ እንዳይዘጉ 22 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ምን ያድርግ? ሰኞ ጠዋት ልጇን አስረክባ ወደ ሥራ የምትሄድ እናት መጠበቅ አትችልም። ልጅ የተያዘበት ንግድ መንግሥት አይተወኝም ብሎ ይተማመናል፤ ስለዚህ ተጠያቂነቱ መጠየቅ ያለበት ድጎማው ሲሰጥ ነው፤ ከውድቀት በኋላ መጠየቅ ረፍዶ መድረስ ነው። ሰጪው ዕዳው ስንት እንደ ሆነ፣ ደመወዙ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ማቆያው ለማን እንደሚሸጥ አስቀድሞ የማወቅ መብቱን ውል ውስጥ ማስገባት አለበት።

ከፈረሰው ድርጅት ማቆያዎች 650 ያህሉን ጉድስታርት የተባለ፣ አራት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ያቋቋሙት ማኅበር ገዛ። ለግዢው መንግሥትም፣ ባንክም፣ የግል ባለሀብቶችም አበደሩት። አበዳሪው ወለዱን ተቀበለ፤ ከዚያ የተረፈው ተመልሶ ለሕፃናቱ ሥራ ይውላል።