ስለ ትንሽ ዝርያ ቡችላ አመራረጥ፤ በሞያሌ ወንዱ ይሻላል ወይስ ሴቲቱ?

በሞያሌ ከተማ ውሻ ለማሳደግ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ወንድ ነው ወይስ ሴት?» ብሎ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ብዙ ጊዜ ለወንዱ ከፍ ያለ ዋጋ ይጠራል፤ ሴቲቱን ግን በርካሽ ወይም በነጻ ይሰጣል። ፈላጊ ያላገኘች እንስት ቡችላም ጡት በቅጡ ሳትጥል በገበያ ዳር ወይም በቆሻሻ መጣያ አጠገብ ትተዋለች። ይህ ልማድ ለባለቤቱ የሚጠቅም መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ጠጋ ብሎ ለመረመረው ለባለቤቱም ለከተማውም የማይበጅ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በወንዱና በሴቲቱ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ምን እንደ ሆነ፣ ለየትኛው ቤትስ የትኛው እንደሚስማማ ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ሞያሌ በኬንያ በኩል በማርሳቢት ካውንቲ የምትገኝ፣ በኢትዮጵያ በኩልም ተመሳሳይ ስም ካላት ከተማ ጋር በአንድ ጎዳና የተያያዘች የጠረፍ ከተማ ናት። ከናይሮቢም ሆነ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ቀድሞ በዚህ አገር ይታይ የነበረው ውሻ ከከብት ጠባቂው ጋር የሚውለው፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ ጠጕሩ አጭር፣ ሙቀትንና ጥምን የሚችለው የአገሩ ውሻ ነበረ። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው መንገድ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ግን አንድን ቡችላ በካርቶን አድርጎ ከናይሮቢ በአውቶቡስ ማምጣት የአንድ ቀን ጕዳይ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ ትንሽ ዝርያ የምንለው አድጎ ክብደቱ ከ10 ኪሎ የማያልፈውን፣ እንደ ማልቲስ፣ እንደ ፔኪኒዝ፣ እንደ ቺዋዋ ያለውንና ከእነዚህም የተዳቀለውን ነው። አፍንጫው የተደፈጠጠው እንደ ፔኪኒዝ ያለው ዓይነት በሙቀት ጊዜ ትንፋሹ ስለሚያጥር ለዚህ አገር እምብዛም አይመከርም።

አስቀድሞ ገዢው የሚገዛውን ለይቶ ማወቅ አለበት። በስድስትና በሰባት ሳምንት ዕድሜ ሳሉ ወንዱና ሴቲቱ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ብዙ ሰውም እምብርቱን አይቶ «ወንድ ነው» ይላል። ቡችላውን በጀርባው አስተኝቶ ማየት ይገባል። በወንዱ ላይ ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ በሆዱ መካከል የሽንት መውጫው ይታያል፤ በሴቲቱ ላይ ግን በሆዷ ላይ ከእምብርቱና ከጡቶቿ በቀር ሌላ ነገር የለም፤ ብልቷ ከጅራቷ ሥር በሁለቱ የኋላ እግሮች መካከል ነው። ይህን ለማየት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል።

ስለ ጠባይ የሚነገረው አብዛኛው ከልማድ የመጣ ነው። ወንዱ ጀግና፣ ሴቲቱ ፈሪ ናት ይባላል። በትንንሽ ዝርያዎች ዘንድ በወንዱና በሴቲቱ መካከል ያለው የክብደት ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ እንዲህ ያለው ውሻ የሚጠቅመው ደግሞ በመንከሱ ሳይሆን በመጮኹ ስለ ሆነ፣ በር ሲንኳኳ ለማሳወቅ ሁለቱም እኩል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ከ18,000 በላይ ውሾችን የተመለከተ ጥናት፣ የአንድን ውሻ ጠባይ ከሌላው የሚለየው ዝርያው እንኳ ከመቶ 9 ያህሉን ብቻ እንደሚያስረዳ አሳይቷል። የቀረው አስተዳደጉና የራሱ ተፈጥሮ ነው። ዘወትር ሊታሰብበት የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር በቤቱ አስቀድሞ ሌላ ውሻ ካለ ነው፤ ሁለት ሴቶች ወይም ሁለት ወንዶች ከማኖር ይልቅ ወንድና ሴት ማኖር ጠብን ይቀንሳል።

ወንዱ የሚያመጣው ችግር ግልጽ ነው። ከስድስት ወር በኋላ እግሩን እያነሣ በየማዕዘኑ ይሸናል፤ ሴት የምትፈልገው ውሻ ሽታ በነፋስ ሲደርሰውም አጥር ዘልሎ ወይም ሥሩን ቆፍሮ ይወጣል። ይህ በሞያሌ ከሌላው ከተማ የበለጠ ይከብዳል። አብዛኛው ጎረቤት ሙስሊም ነው፤ በዚህ አገር በሚከተሉት በሻፊዒ ሥርዓት የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከእነዚህም አንዱን ጊዜ በአፈር መታጠብ አለበት። ለጥበቃና ለከብት ውሻ ማሳደግ የተፈቀደ ቢሆንም የጎረቤትን የውሃ ጀሪካን የሚልስ፣ ወደ መስጊድ በሚያልፈው ሰው ልብስ ላይ የሚንጠለጠል ወንድ ውሻ ባለቤቱን ከሰፈሩ ጋር ያቀያይማል። ውሃ በገንዘብ በሚገዛበት ከተማ ዕቃን ሰባት ጊዜ ማጠብ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢው ያውቀዋል። ከዚህም በላይ የሚዞር ወንድ በመገናኘት የሚተላለፈውን የብልት ዕጢ ይዞ ይመለሳል። ይህ በሽታ በቆላ አገሮች በሚዞሩ ውሾች ላይ በብዛት የሚታይ ነው፤ ቪንክሪስቲን በተባለ መድኃኒት በየሳምንቱ በሚሰጥ መርፌ ብዙ ጊዜ ይድናል፤ ነገር ግን መድኃኒቱንም ሐኪሙንም ማግኘት ያስፈልጋል።

የሴቲቱ ችግር በዓመት ጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚመጣ ነው፤ ሲመጣ ግን ከባድ ነው። ትንሽ ዝርያ የሆነች እንስት ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ትሻለች፤ ከዚያም በኋላ በየስድስት ወሩ ገደማ ይደጋገማል። ብልቷ ያብጣል፣ ደም ያዘለ ፈሳሽ ይታያል፤ ይህ ሁኔታ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ብዙ ሰው ደሙ በሚታይበት በመጀመሪያው ሳምንት ጠብቋት፣ ደሙ ሲቀንስ «አለፈ» ብሎ ይለቅቃታል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ወንድ የምትቀበለውና የምትፀንሰው አብዛኛውን ጊዜ ደሙ ከቀነሰ በኋላ፣ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ ሦስቱ ሳምንታት እስኪፈጸሙ በር ዘግቶ ማቆየት ያስፈልጋል።

በዚህ ከተማ የምትገኝ ትንሽ እንስት ካመለጠች የሚያገኛት ወንድ በቁመት እጥፍ የሚሆነው የአገሩ ውሻ ነው። እርግዝናው 63 ቀን ያህል ነው። ትንንሽ ዝርያዎች የሚወልዱት ከአንድ እስከ አራት ቡችላ ስለ ሆነ፣ በተለይ ፅንሱ አንድ ብቻ ሲሆን ያለ ልክ ያድጋል፤ የእናቲቱ ዳሌ ግን ጠባብ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል በብርቱ አምጣ ምንም ያልወጣላት፣ ወይም በአንዱና በሚቀጥለው ቡችላ መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየባት ውሻ ሐኪም ያስፈልጋታል፤ ምናልባትም ሆዷ ተቀዶ መውለድ ይኖርባታል። ይህን የሚያደርግ የእንስሳት ሐኪም በቅርብ ካልተገኘ እናቲቱም ልጆቿም ይሞታሉ። ሳትወልድ የኖረችም ብትሆን በዕድሜ ስትገፋ፣ ወንድ ከሻተች ጥቂት ሳምንታት በኋላ ማህፀኗ መግል ሊቋጥር ይችላል። ውሃ አብዝታ የምትጠጣ፣ ምግብ የምትጠላ፣ ሆዷ የተነፋ አሮጊት ውሻ በዚሁ መጠርጠር አለባት፤ ሕክምናው በአስቸኳይ ማህፀኑን ማውጣት ነው።

የሁለቱም ወገን ችግር በአብዛኛው በአንድ ሥራ ይቀላል፤ ይኸውም ማምከን ነው። ወንዱን ማኮላሸት ፈጣንና ቀላል ነው፤ ሴቲቱን ማምከን ግን ሆድ መክፈትን ስለሚጠይቅ ዋጋውም ጥንቃቄውም ይበልጣል። በትንንሽ ዝርያዎች ላይ ስድስት ወር ገደማ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ዕድሜ ነው። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ማሳሰብ ያስፈልጋል። የቦረናና የገብራ ከብት አርቢዎች ወይፈንና ሙክት በማኮላሸት የታወቁ ናቸው፤ ሆኖም በሬ ያኮላሸ ሁሉ ውሻ ያኮላሻል ማለት አይደለም። ቡርዲዞ የሚባለው መቆንጠጫ የተሠራው ለኮርማ፣ ለበግና ለፍየል ነው፤ የውሻ ቆለጥ አቀማመጡ ሌላ ስለ ሆነ በዚህ መሣሪያ መንካት ማሠቃየት ብቻ ነው። ማደንዘዣና ሐኪም ያስፈልጋል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው እንመጣለን። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል፤ ሰውን ከሚይዘው መቶ ጊዜ 99ኙ የሚመጣው ከውሻ ነው። ባበደ ውሻ ተጠርጥረው ከሚነከሱትም ከመቶ 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሕመምተኛው ተረፈ ማለት ከስንት አንድ ጊዜ የማይሰማ ነው። ባለ ትንሽ ውሻ ብዙ ጊዜ «የእኔ የቤት ነው፣ አያብድም» ይላል። ነገር ግን አጥር ዘልሎ የሄደ ወንድ በጠብ ተነክሶ ይመለሳል፤ ወንድ የምትሻውን ሴት ከብበው የሚጣሉት ውሾችም እዚያው ደጃፍ ላይ ይናከሳሉ። በገበያ ዳር የተጣለችው እንስት ቡችላ ደግሞ ሁሉም አትሞትም፤ የተረፈችው ያለ ክትባትና ያለ ጌታ አድጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። በሴትነቷ ምክንያት ተጥላ ከተማውን ባልተከተቡ ውሾች የምትሞላው እርሷ ናት።

ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ ክትባት ማግኘት፣ በዓመቱ መድገም፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚያዝዘው ጊዜ መቀጠል ይገባዋል። የጅምላ ክትባት ዘመቻ በመጣ ጊዜ ግን ሦስት ወር ያልሞላቸውም ይከተቡ፤ እነርሱም ይታመማሉና። ከአንድ አካባቢ ውሾች ከመቶ 70ው ከተከተቡ በሽታው መስፋፋቱን እንደሚያቆም የታወቀ ነው። ኬንያ በውሻ አማካይነት የሚመጣውን የሰው ሞት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት በ2014 ዕቅድ አውጥታለች። ይሁን እንጂ በሞያሌ አንዱ ወገን ብቻ ቢከትብ ሥራው ግማሽ ነው። ሁለቱ መንግሥታት በኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የጋራ የጠረፍ መፈተሻ ጣቢያ መርቀው ለሰውና ለዕቃ በር ከፍተዋል፤ ውሻ ግን ከዚያም በፊት ያለ ይለፍ ወረቀት ሲመላለስ የኖረ ነው። በወዲህኛው ሞያሌ የነከሰውን ውሻ በማዶኛው ሞያሌ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

ስለዚህ በውሻ የተነከሰ ወይም ቁስሉን ውሻ የላሰው ሰው፣ ቡችላም ቢሆን፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ከዚያም ያለ መዘግየት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይጀምር። ውሻው ከታወቀ መግደል አይገባም፤ አሥር ቀን ታስሮ ይጠበቅ። ያን ጊዜ ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ልጆችም ቁጣ ፈርተው ትንሽ ጭረትን እንዳይደብቁ ወላጆች በለሰለሰ አንደበት ሊጠይቋቸው ይገባል።

እንግዲህ ምርጫው እንዲህ ነው። ግቢው በሚገባ የታጠረና ሴቲቱን ለማምከን ሐኪም የሚገኝ ከሆነ፣ እንስቲቱን መምረጥ ይሻላል፤ የመከነች ሴት ከቤት አትርቅም፣ የጎረቤት ግድግዳ ላይ አትሸናም፣ በርካሽም ትገኛለች። ሆድ የሚከፍት ሐኪም ካልተገኘ ግን ወንዱ ይወሰድና ይኮላሽ። አጥር የሌለው፣ ማምከንም የማይችል፣ ለክትባትም የማይሄድ ቤተሰብ ወንድም ሴትም ባይወስድ ይሻላል። ከብት የሚጠብቅ ወይም ጅብ የሚያባርር ውሻ የሚፈልግም የአገሩን ውሻ ይያዝ፤ ከቺዋዋ ይህን መጠበቅ ከድመት ወተት እንደ መጠበቅ ነው።

ምርጫው ካለቀ በኋላ ገዢው ሰውነቱን ይመርምር። የወንዱ ሁለቱም ቆለጦች በሁለት ወር ገደማ ወርደው መዳሰስ አለባቸው። እስከ ስድስት ወር ያልወረደ አንዱ በሆድ ይቀራል፤ በኋላም ዕጢ ሊያበቅል ስለሚችል በቀዶ ሕክምና መውጣት ይኖርበታል፤ ይህም ከትልልቆቹ ይልቅ በትንንሾቹ ዘንድ ይበዛል። ሴቲቱ ደግሞ ስትራመድ ትታይ፤ የጕልበት ሎሚ መናወጥ በትንንሽ ዝርያዎች፣ በተለይም በእንስቶቹ ይበዛልና፣ አልፎ አልፎ አንድ እግሯን አንሥታ በሦስት እግር የምትዘል ከሆነ ትተው። በሁለቱም እምብርት ላይ እብጠት እንዳለ ይዳሰስ።

ስምንት ሳምንት ያልሞላውን ቡችላ ከእናቱ መለየት አይገባም። ከናይሮቢ ወይም ከአዲስ አበባ የሚያመጣውም የሐኪም የጤና ማስረጃና የክትባት ወረቀት ይያዝ፤ ጠረፉን የሚያሻግርም ቢሆን የሚጠየቀውን ፈቃድ አስቀድሞ ያውጣ። በመንገድ ላይ ትንሽ ቡችላ ምግብ ሳያገኝ ብዙ ሰዓት ከቆየ በደሙ ያለው ስኳር ይወርድና ይዝላል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ በየሦስትና በየአራት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይብላ፣ ውሃም ይጠጣ። ዝሎ ከተገኘ ጥቂት ማር በድዱ ላይ ይቀባ፤ ሲነቃም ምግብ ይሰጠው፤ ካርቶኑም በመስኮት በሚገባው ፀሐይ አጠገብ አይቀመጥ።